በሰው ጀርባ ተራራ የወጣ ዓሣ

ሲያትል የሚኖር ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ በአይ 90 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዳ ስኖኳልሚ ከሚባለው የተራራ በር ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። ከመንገዱ በስተሰሜን የተንጣለለው ተራራማ አገር አልፓይን ሌክስ ይባላል። ስፋቱ ከ1600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በውስጡም 700 ገደማ ሐይቆችና ኩሬዎች አሉ። መኪና አይገባበትም፤ ብስክሌትም እንኳ ክልክል ነው። ይህን የሚደነግገው ሕግ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የዋሽንግተን ግዛት ገዥ የነበሩት ዳን ኢቫንስ፣ ራሳቸው ተራራ መውጣት የሚወዱ ሰው፣ ስለ ሐይቆቹ የታተመ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ይዘው ዋይት ሐውስ ገብተው ፕሬዚዳንት ፎርድን እያገላበጡ በማሳየት እንዳሳመኗቸው ይተረካል። ፎርድም ፈረሙ።

ይህ ጽሑፍ ድንኳን አዝሎ፣ ጓደኛ አስከትሎ፣ ከነዚህ ሐይቆች ባንዱ ዳር አድሮ ዓሣ ለማጥመድ ላሰበ ጀማሪ የተጻፈ ነው። ስለ ዘንግና መንጠቆ ከማውራቴ በፊት ግን ብዙ አጥማጅ ሳይጠይቀው የሚያልፈውን ነገር ላንሣ። ዓሣው እዚያ ላይ እንዴት ወጣ?

ሐይቆቹን ያጎደጎደው የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ ከሺህ ዓመታት በፊት ዐለቱን ፈልፍሎ ሲሸሽ ጉድጓዱ ውኃ ሞላበት። ከብዙዎቹ ሐይቆች የሚወጣው ጅረት ወዲያው ከገደል ላይ ይወረወራል፤ ከታች ከወንዝ የሚመጣ ዓሣ ደግሞ ፏፏቴ መውጣት አይችልም። ስለዚህ አብዛኞቹ ሐይቆች ከጥንትም ዓሣ አልነበራቸውም። እንቁራሪት፣ ሳላማንደር የሚባለው እንሽላሊት መሰል ፍጥረትና ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ብቻ ይኖሩባቸው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጡ ሰፋሪዎችና ማዕድን ፈላጊዎች የዓሣ ጫጩት ወደ ላይ ማጓጓዝ ጀመሩ። በአሜሪካ ምዕራብ ተራሮች ሁሉ የተለመደው ዘዴ ጫጩቶቹን በወተት ቆርቆሮ ከውኃ ጋር በበቅሎ መጫን ነበር። በቅሎዋ ስትራመድ ውኃው ይንቦጫረቃል፤ መንቦጫረቁ አየር ያስገባለታል፤ ጫጩቱም ሳይታፈን ይደርሳል። በ1933 (እ.ኤ.አ.) ሲያትል ውስጥ የተቋቋመ ትሬይል ብሌዘርስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጋር እየተባበረ እስከ ዛሬ ጫጩት በጀርባው ተሸክሞ ይወጣል። እርስዎ ድንኳንዎን በሚያዝሉበት መንገድ ሌላው ዓሣ አዝሎ ሄዷል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስረዘምኩት ነበር። ግን የትኛው ሐይቅ እንደሚሻልዎ የሚወስነው እሱ ነው። በሐይቆቹ ከሚገኙት ዓሦች ሁለቱን እንያቸው። ሬይንቦ ትራውት ዕንቁላሉን የሚጥለው በሚፈስ ውኃ ነው። ሐይቁ ተስማሚ ጅረት ከሌለው አይራባም፤ ሰው በየጥቂት ዓመቱ ካልጨመረ ያልቃል። ቁጥሩ የተመጠነ ስለሆነ ግን ምግብ አይጣበበውም፤ ይወፍራል። ብሩክ ትራውት ከምሥራቅ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ከሥር ምንጭ የሚፈልቅበት ጠጠር ካገኘ ጅረት ሳያስፈልገው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባል። ይራባል፣ ይራባል፤ ምግቡ ግን ያው ነው። ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ገላው ቀጭን በሆነ፣ ከመዳፍ እምብዛም በማይረዝም ዓሣ ይሞላል። አጥማጆች እንዲህ ባለ ሐይቅ ያማርራሉ። እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የተራበ ዓሣ አይመርጥም፤ የጣሉለትን ይነክሳል። ሕጉ የሚፈቅድልዎን ያህል ቢበሉ ደግሞ ሐይቁን ያቀልሉለታል እንጂ አይጎዱትም።

ጉዳቱ የተሠራው ድሮ ነው። ትራውት የገባባቸው ሐይቆች እንቁራሪታቸውና ሳላማንደራቸው ተመናምኗል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ዓሣውን ከአንዳንድ ሐይቆች በመረብ ሲያወጡ እንቁራሪቱ ተመልሶ በዝቷል። ዓሣው ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለው ክርክር አላለቀም። ለኔ ግን ራሱን መግታት ለማይችል ዓሣ መሟገት ይከብደኛል።

ወደ ጉዞው እንግባ። ወቅቱ አጭር ነው። ከፍ ያሉት ሐይቆች እስከ ጁላይ አጋማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በረዶ ለብሰው ይቆያሉ፤ በረዶው ሲለቅ ደግሞ ቢንቢው ይነሣል። ኦገስትና የሴፕቴምበር መጀመሪያ ይሻላሉ። ከ15 ዓመት ጀምሮ ያለ ሰው ሁሉ የግዛቱን የማጥመድ ፈቃድ መግዛት አለበት። ወደ አልፓይን ሌክስ የመግቢያው ፈቃድ ግን ነጻ ነው፤ በመንገዱ መነሻ ከተሰቀለው ሣጥን ቅጽ ወስዶ መሙላት ነው። ኢንቻንትመንትስ የሚባለው ዝነኛ ክፍል ግን ለማደር ዕጣ ይወጣበታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን አይመኙ። ስኖው ሌክ የሚባለው ሐይቅም ውብ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሰዉ ይበዛል።

ጓደኛ የሚያስፈልገው ለወሬ ብቻ አይደለም። አንድ ድንኳን፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ የውኃ ማጣሪያ ለሁለት ይበቃል፤ ክብደቱ ይካፈላል። ለጀማሪ የሚመከረው ሸክሙ ከራሱ ክብደት ከአምስት አንድ እጅ እንዳያልፍ ነው። ከቤት ሳትወጡ ሁለታችሁም ቦርሳችሁን ሚዛን ላይ አስቀምጡ። እኛ ስንመዝን ጓደኛዬ ቦርሳውን ሲያራግፍ ከውስጡ ድፍን የብረት መጥበሻ ወጣ።

«አንተ! ይሄን ተራራ ልታወጣው ነው?»

«ዓሣ በፎይል ጠቅልሎ መብላት አልችልም፤ ከፈለግህ ድንኳኑን አንተ ያዝ።»

ድንኳኑን ያዝኩ። መጥበሻውም ወጣ።

በስንቅ በኩል የኛ ሰው ዕድለኛ ነው። የካምፕ ሱቆች ውድ የደረቀ ምግብ በከረጢት ይሸጣሉ። በሶ ግን አይከብድም፤ አይበላሽም፤ እሳት አያስፈልገውም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ጉልበት ይሰጣል። አገር ቤት መንገደኛ ሲሰንቀው የኖረውም ለዚሁ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይጨምሩ። ሚጥሚጣና ጨው በትንሽ ፕላስቲክ ይያዙ፤ አንድ ሎሚም አይከብድም።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ዘንጉን ለመዘርጋት አይቸኩሉ። ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ እርስዎ ዓሣውን ካዩት እሱም አይቶዎታል። ወደ ኋላ ሸሸት ብለው፣ ከተቻለ ተቀምጠው፣ ጥቂት ደቂቃ ይመልከቱ። የሐይቅ ትራውት እንደ ወንዙ አንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቅም፤ ዳር ዳሩን እየዞረ ይለቅማል። ሦስት ቦታ ይፈልጉ፤ ጅረት የሚገባበት፣ ውኃው የሚወጣበት፣ ፈዛዛው አረንጓዴ በድንገት ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚለወጥበት የጥልቁ ጠርዝ። ነፋስ ካለ ነፋሱ የሚመታውን ዳር ይምረጡ፤ ጉንዳኑንና ዝንቡን ጠርጎ የሚያከማቸው እዚያ ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። አጭር ዘንግ፣ ቀጭን ክር፣ ስትጎተት የምትሽከረከር ትንሽ የብረት ቅጠል ያላት መንጠቆ። ይህ ካልሠራ፣ ምሽት ላይ ውኃው ረግቶ ክብ ክብ ሞገድ ሲታይ፣ ግማሹን ውኃ የሞሉት ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ኳስ ክሩ ላይ ያስሩና ከኋላው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክር ትተው ከላባና ከክር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ ያንጠልጥሉ። ኳሱ ለመወርወር ክብደት ይሆናል፤ ዝንቧ ላይ ላዩን ትንሳፈፋለች። በዝግታ ይሳቡ። ክሩ ቆም ካለ ዘንጉን ያንሡ።

የመጀመሪያውን ዓሣ ሲያርዱ ጨጓራውን ሰንጥቀው ይዩ። የኛዋ ጨጓራ ከአውራ ጣት አትበልጥም ነበር። መዳፍ ላይ ስንዘረግፋት ክንፋም ጥቁር ጉንዳን በጉንዳን ሆነች፤ አንዳንዱ ገና እግሩ እንኳ አልረገፈም። ጓደኛዬ ወዲያው ዝንቡን በጥቁር ቀየረና ከኔ በላይ አጠመደ። ሥጋው ብርቱካንማ ከሆነም አይደንግጡ፤ ቀለሙ የሚመጣው ከሚበላቸው ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት ነው።

እንጨት ለቅሞ እሳት ማንደድ በብዙዎቹ ከፍተኛ ሐይቆች ዳር ክልክል ነው፤ ምድጃው ለዚህ ነው። ድንኳኑንም መጸዳጃውንም ከውኃው ቢያንስ 60 ሜትር ያርቁ። የዓሣ ሽታ ጥቁር ድብ ይጠራል፤ ስንቁን ድንኳን ውስጥ ይዞ መተኛት አይታሰብም፤ ከዛፍ ላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉት።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ጉዳይ አለ። የወቅቱ ምርጥ ሁለት ሳምንት፣ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ጾመ ፍልሰታ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፤ በፍልሰታ ጨርሶ የማይነካም አለ። ከመነሣታችሁ በፊት ከጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት። አንዱ ሲጠብስ ሌላው በሶ ሲበጠብጥ ማምሸት ይቻላል፤ መጥበሻውን ማን እንደሚሸከም ግን ቀድሞ መወሰን አለበት።

ለዕረፍት አገር ቤት የሚገባ ሰውም ትራውት አያጣም። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ የመጣ ትራውት ባሌ ተራሮች ውስጥ በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቆ እስከ ዛሬ ይኖራል። እዚያ ግን በወራጅ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ነውና ዞሮ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ከድንጋይ ጀርባ ካደፈጠበት ሄዶ መፈለግ ነው። ዘንግዎን ከመዘርጋትዎ በፊት ዲንሾ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።