ቮድካ የሌለበት ሞቅታ

በሲያትል ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ክፍል የራሱን ቡና ቤት ከፍቶ ነበር። ባንኮኒው ተሟልቷል፣ ጠርሙሱ ተደርድሯል፣ መብራቱም እንደ ደንቡ ደብዘዝ ያለ ነው። የሚለየው በመስታወቱ ነው፤ ጠጪው መልኩን ሲያይበት፣ ከጀርባው የተቀመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ እሱን ያዩበታል። ስሙ ባርላብ ሲሆን ያቋቋሙት ፕሮፌሰር አለን ማርላት ናቸው።

የቤቱ መሠረት ማርላት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ነው። በዘመኑ የአልኮል ሱሰኛ አንዲት መለኪያ ከቀመሰ አልኮሉ ራሱ ሰውነቱን ስለሚቀሰቅሰው ማቆም አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር። ማርላት የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነው፦ የሚቀሰቅሰው አልኮሉ ነው ወይስ «ጠጣሁ» የሚለው ሐሳብ?

32 ሱሰኞችና 32 በልካቸው የሚጠጡ ወንዶች ተመረጡ። ሱሰኞቹ መጠጥ ያላቆሙ ነበሩ፤ ያቆመን ሰው ለሙከራ ብሎ ማስቀመስ ግፍ በሆነ። አንድ እጅ ቮድካ ከአምስት እጅ ቶኒክ ጋር ሲቀላቀል ምላስ አይለየውም። ስለዚህ ግማሾቹ ቮድካ፣ ግማሾቹ ቶኒክ ብቻ እንደሚቀርብላቸው ተነገራቸው፤ ከየወገኑ ደግሞ ለግማሹ ከተነገረው ተቃራኒው ተቀዳለት። ሥራቸው ጣዕም ማወዳደር ነው ተብለው እየቀመሱ ቅጽ ይሞላሉ። ተመራማሪዎቹን ያጓጓቸው ግን ቅጹ ሳይሆን ከማንቆርቆሪያው የጎደለው መጠን ነበር።

ቮድካ ነው የተባሉት፣ ቶኒክ ብቻ የቀረበላቸው ሳይቀሩ፣ አብዝተው ጠጡ። ሳያውቁት ቮድካ የተሰጣቸው ሱሰኞች ግን «ቶኒክ ነው» ስለተባሉ ብቻ ልጓማቸው አልተበጠሰም።

ከዚህ ተነስቶ «ስካር የሐሳብ ጉዳይ ነው» የሚል ሾፌር እንዳይመጣብን! በዚሁ ዘዴ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች እንዳሳዩት የእጅና የእግር ቅንጅት የሚዛባውና ትውስታ የሚደክመው በአልኮሉ በራሱ ነው። ዘዴውም ወሰን አለው፤ መጠኑ ከበዛ ጠጪው ሰውነቱ ስለሚነግረው «ቶኒክ ነው» ቢሉት አያምንም።

ማርላት ግኝቱን ወደ ሕክምና ወሰዱት። መጠጥ ያቆመ ሰው አንድ ቀን ቢሳሳት የሚጥለው ያቺ ብርጭቆ ብቻ ሳትሆን «በቃ፣ አለቀልኝ» የሚለው ተስፋ መቁረጥም ነው አሉ፤ በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍም አገርሽቶ መውደቅን መከላከል የሚማሩት ችሎታ እንደሆነ አስረዱ። ፈጽሞ ካላቆሙ መዳን የለም የሚሉ ወገኖች ይህን አልወደዱላቸውም። ለተማሪዎች ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሁለት ቀጠሮ ምክር ቀረጹ። ተማሪው የሚጠጣውን ይመዘግባል፣ ከዚያ እኩዮቹ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚጠጡ በቁጥር ያያል። ብዙውን ጊዜ ከገመተው ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል።