«ጥናት አረጋግጧል» ሲባል

ልጅዎን ትምህርት ቤት አድርሰው፣ ቢሮ ገብተው ስልክዎን ሲከፍቱ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በቀይ የተጻፈ መልእክት ይጠብቅዎታል፦ «የስምጥ ሸለቆ ውሃ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ጥናት አረጋገጠ!» ከሥሩ ጥርሱ የበለዘ ሕፃን ፎቶ አለ። ከፎቶው ሥር ደግሞ የውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ ሰው ስልክ ቁጥር። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። መልእክቱን ያነበብኩ ቀን የያዝኩትን ቡና ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ዲግሪዬም ቢዝነስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ግን አንድ ቁጥር እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። «ከ10 ደንበኞች 9ኙ ረክተዋል» የሚል ማስታወቂያ ጽፌ አውቃለሁ፤ አስሩ ደንበኞች እነማን እንደነበሩ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። (ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ አፍሬ ነበር።) ስለዚህ የዚያን ዕለት ከድንጋጤዬ ስመለስ በመጀመሪያ ያሰብኩት «ይህን መልእክት እኔ ብጽፈው ኖሮ ምኑን እደብቅ ነበር?» ብዬ ነው። ጥናት ለማንበብ ከዚህ የተሻለ መነሻ እስካሁን አላገኘሁም።

መልእክቱን ውሸት ነው ብሎ መተው ደግሞ አይቻልም። በተለይ በኛ አካባቢ። አክስቴ ተወልዳ ያደገችው ወንጂ ነው፤ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም ስኳር ማምረት በጀመረበት መንደር። ዛሬም ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ጥርሷ ቡናማ ነው፤ የእህቶቿም፣ የጎረቤቶቿም እንደዚያው። ምክንያቱ የጥርስ ንጽሕና ጉድለት አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆነ መጠን ተለክቷል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ስላለው የፍሎራይድ ችግር ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ በ1987 ነው። ጥርስን ማበለዙ፣ መጠኑ ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ አጥንትንና መገጣጠሚያን ማድረቁ አከራካሪ አይደለም። ጥርስ የሚበልዘው በሚሠራበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ አዋቂ ሆኖ ወደ ወንጂ የመጣ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። የልጆች ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አእምሮስ? አዲሱ ጥያቄ ይህ ነበር።

መጀመሪያ ማድረግ ያለብዎት ጥናቱን ራሱን መፈለግ ነው። መልእክቱ የአጥኚውን ስም፣ ያሳተመውን መጽሔትና ዓመቱን ካልጻፈ ይጠርጥሩት፤ ግን ወዲያው አይጣሉት። ጉግል ስኮላር ላይ ሦስት አራት ቃላት በእንግሊዝኛ ቢጽፉ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እኔ «ፍሎራይድ»፣ «ልጆች» እና «ኢትዮጵያ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ጽፌ በ10 ደቂቃ ውስጥ አገኘሁት። በአሜሪካ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር ቴዎድሮስ ራንጎ ጎዴቦና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2023 ያሳተሙት ጥናት ነው። ቦታው የኛው ስምጥ ሸለቆ የገጠር ቀበሌዎች ናቸው። ስለዚህ መልእክቱ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። ሙሉው ጽሑፍ በክፍያ የተዘጋ ሆኖ ካገኙት ለአጥኚው ኢሜይል መላክ ነውር አይደለም፤ ብዙዎቹ ጽሑፋቸውን ደስ ብሏቸው ይልካሉ።

ከዚያ ንባቡ ይመጣል። እነዚህ ጽሑፎች እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲነበቡ አልተጻፉም። እኔ መጀመሪያ አናቱ ላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ አነባለሁ፤ ቀጥሎ መግቢያውን ዘልዬ «እንዴት ተጠና» ወደሚለው ክፍል እሄዳለሁ። ከዚያ አጥኚዎቹ ራሳቸው የጥናታቸውን ድክመት የሚናገሩበትን አንቀጽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው አካባቢ የሚገኘውን፣ እፈልጋለሁ። ማስታወቂያ ጽፈው የማያውቁ ሰዎች ይህ አንቀጽ ምን ያህል የሚያስገርም እንደሆነ አይገባቸው ይሆናል። እኛ የምርታችንን ድክመት ጽፈን ብንለቅ በማግስቱ ከሥራ እንባረራለን፤ እነሱ ደግሞ ካልጻፉ ነው የሚወቀሱት። በቁጥርና በቀመር የተሞላው ክፍል ካልገባዎት ይለፉት። እኔም አብዛኛውን አልፌዋለሁ።

የዶክተር ቴዎድሮስ ጥናት የተሠራው በ74 ልጆች ላይ ነው። አጥኚዎቹ ራሳቸው የሙከራ ጥናት ብለው ነው የጠሩት፤ ለሰፊው ሥራ መንገድ የሚጠርግ ማለት ነው። ልጆቹ የሚጠጡት ውሃ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ፍሎራይድ ካለው ጀምሮ ከ15 በላይ እስካለው ይደርሳል። ልጆቹ ቤት፣ ሰውና አህያ እንዲስሉ ተደረገ፤ በኮምፒውተር የሚሰጥ የማስታወስ ፈተናም ወሰዱ። በውሃቸው ውስጥ ፍሎራይድ የበዛባቸው ልጆች በሥዕሉም በፈተናውም ብዙ ሲሳሳቱ ታዩ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ይህን እንዳነበብኩ ልጄን ጠርቼ «እስኪ አህያ ሳዪልኝ» አልኳት። አምስት እግር ያለው አህያ ሳለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ስጠይቃት አምስተኛው እግር ጅራቱ መሆኑን አስረዳችኝ። እንዲህ ያለውን ፈተና እርስዎም ቤትዎ እንዳይሞክሩ። በብዙ ልጆች አማካይ ውጤት ላይ የታየ ልዩነት ስለ አንድ ልጅ የሚነግርዎት ነገር የለም።

ጥናቱን ከመልእክቱ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ትልቁን ልዩነት ያገኘሁት በአንድ ግሥ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ፍሎራይድና የልጆቹ ስህተት «ተያይዘው ታይተዋል» ይላል። ቴሌግራሙ «ይጎዳል» ብሎ ተረጎመው። በአማርኛ «ሊሆን ይችላል» እና «ያመላክታል» የሚሉትን ቃላት ስንተረጉም እንደ ትርፍ ጌጥ እንቆርጣቸዋለን፤ በጥናት ውስጥ ግን ዋናው ፍሬ ነገር ያለው እነሱ ላይ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ፍሎራይድ የበዛበት ቀበሌ ከትምህርት ቤት የራቀ፣ ወይም ልጆቹ በቂ ምግብ የማያገኙበት ሊሆን ይችላል። አጥኚዎች ይህን ለመለየት ይጥራሉ፤ በአንድ ጊዜ በተለካና 74 ልጆች ብቻ ባሉበት ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ጥናት ሲያነቡ «ሌላ ምን ምክንያት ሊኖረው ይችላል?» ብለው ቢያንስ ሁለት ነገር ለማሰብ ይሞክሩ።

አንድ ጥናት ካልበቃስ? ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑ ጽሑፎች አሉ። እ.ኤ.አ በ2025 መጀመሪያ ጃማ ፔዲያትሪክስ የተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት በዚሁ ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አውጥቷል። የሰበሰባቸው ጥናቶች ቁጥር በአጋጣሚ 74 ነው፤ 45ቱ ከቻይና ናቸው። አብዛኞቹ ፍሎራይድ ሲበዛ የልጆች የአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤት ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እዚያው ማጠቃለያው ላይ 52ቱ ጥናቶች ለተዛባ ውጤት የተጋለጡ ተብለው መመደባቸውም ተጽፏል። በሽንት ውስጥ የሚለካው ፍሎራይድ በሊትር በ1 ሚሊ ግራም ሲጨምር የታየው አማካይ ልዩነት 1.63 ነጥብ ነው። የውሃው መጠን ከ1.5 በታች ሲሆን ደግሞ ግንኙነቱ ግልጽ አይደለም።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለኛ ወሳኝ ነው። በአሜሪካ ስለ ፍሎራይድ የሚደረገው ክርክር ጥርስን ለመከላከል ተብሎ ሆን ተብሎ በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ስለሚጨመርበት ውሃ ነው። ከዚያ የተቀዳ ቪዲዮ አይተው የልጅዎን የጥርስ ሳሙና የጣሉ ከሆነ የሌላ ሰው ጭንቀት ወርሰዋል። የወንጂ የጥንት ጉድጓድ ሌላ፣ የቺካጎ ቧንቧ ሌላ፣ የአዳማ ቧንቧም ሌላ ነው። የአዳማ ቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ የወንዝ ውሃ ደግሞ በአብዛኛው ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ያነሰ ፍሎራይድ አለው። ግቢዎ ውስጥ የግል ጉድጓድ ካለ ግን ስለ እሱ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም። ማስለካት አለብዎት።

ወደ ማጣሪያ ሻጩ ልመለስ። ደወልኩለት። ጨዋ ሰው ነው። «ማጣሪያው ፍሎራይድን ከስንት ወደ ስንት ያወርዳል? ከስንት ሊትር በኋላስ ይቀየራል?» አልኩት። የምርቱን ወረቀት ላከልኝ፤ ስለ ክሎሪን፣ ስለ ሽታና ስለ ደለል ብዙ ይላል፣ ስለ ፍሎራይድ አንድም ቃል የለም። ተራ የከሰልና የሸክላ ማጣሪያ ፍሎራይድን እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አያስቀርም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ያስቀራል፤ የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰልም እንዲሁ። ማፍላት ደግሞ ጭራሽ አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር ይበልጥ ይበዛል። ሻጩ የሸጠልኝ የእውነተኛ ጥናት ፍርሃት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን የዚያ በሽታ አልነበረም። ብልሃቱ የማውቀው ስለሆነ ልቆጣው አልቻልኩም።

በመጨረሻ ጉዳዩ የኔ ልጅ አልነበረም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከመቂ ወጣ ብሎ ያርሳል፤ ሦስት ልጆቹ የሚጠጡት ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። በበዓል ስንሄድ የትልቁን ልጅ ጥርስ አየሁት። «ጋሼ፣ ውሃውን እናስለካው» ስለው ሳቀ፤ «እኛ የጠጣነው ውሃ አይደል እንዴ?» አለኝ። ሲስቅ የራሱም ጥርስ እንደዚያው ነበር። ስለ አእምሮው ጥናት አላነሳሁበትም። እርግጠኛ ባልሆንኩበት ነገር ላስፈራራው አልፈለግሁም፤ የጥርሱና የአጥንቱ ይበቃ ነበር። በንጹህ ጠርሙስ ውሃ ቀድተን ላቦራቶሪ አስገባን። ውጤቱ በሊትር 5.2 ሚሊ ግራም ሆኖ መጣ።

ቁጥሩን ሲያይ መሳቁን ተወ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከክረምቱ በፊት አሸንዳ አስገጠመ፤ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ለማለት ይቻላል። ክዳን ያለው ታንከር ገዝተን አካፈልን። የታንከሩ ውሃ ለልጆቹ መጠጥ፣ ለሻይና ለወጥ ብቻ ነው፤ ለልብስና ለከብቶቹ ጉድጓዱ ይቀጥላል። ታንከሩ እስከ የካቲት ድረስ አልደረሰም፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ሊጨምር ነው። ትንሿ ልጁ ገና 3 ዓመቷ ነው፤ ቋሚ ጥርሶቿ አልወጡም።