ቁልፍ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒቶች፡- ከቤተ ሙከራ እስከ ቤታችን

ለምርምር የሚያገለግል አይጥ ወይም ጥንቸል ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት እንደ ሰው ሁሉ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል። ለዚህ ተግባር በብዛት ከሚውሉት መድኃኒቶች አንዱ ኬታሚን ነው። ይኸው መድኃኒት የማደንዘዣ ማሽን እንደልብ በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምናና በድንገተኛ አደጋ ጊዜ የሰው ሕይወት ይታደጋል። ዲያዜፓም፣ ፌኖባርቢታልና ሞርፊንም ለሰውም ለእንስሳትም ያገለግላሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች ጥቅማቸው ብዙ ቢሆንም ሱስ የማስያዝ፣ ከመጠን ሲያልፉም ራስን የማሳትና ትንፋሽን የማቆም አቅም አላቸው። አገራችን የ1961 (እ.ኤ.አ) ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት አባል ናት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረትም የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሰው የሚውሉትን ይቆጣጠራል። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች በተራ ማዘዣ ሳይሆን በልዩ የማዘዣ ወረቀት የሚታዘዙት ለዚህ ነው።

በደንብ የሚመራ የምርምር ቤተ ሙከራ መድኃኒቱን በተቆለፈ ካዝና ያስቀምጣል፤ ቁልፉም በኃላፊነት የተመደበ ሰው ዘንድ ይሆናል። መቼ፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ለየትኛው እንስሳ፣ በማን እጅ እንደወጣና ስንት እንደቀረ በመዝገብ ይሰፍራል። የተሰበረ ብልቃጥ ሳይቀር በምስክር ፊት ይመዘገባል። ጊዜው ያለፈበት ደግሞ ተለይቶ ተቆልፎ ይቆይና በሥርዓቱ ይወገዳል። ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ወዲያው ይጣራል። ከእንዲህ ዓይነት ክፍል የጎደለ አንድ ብልቃጥ የአንድ ወጣት ሠራተኛን ወይም ተማሪን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ታዲያ ይህ ጉዳይ ተመራማሪን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከቡሌ፣ ከገደብ ወይም ከይርጋ ጨፌ ገጠር ዲላ ድረስ መጥቶ የሚታከም ሰው መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የብዙ ቀን መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ቤት ከገባ በኋላ መዝገብም ጠባቂም የለም። በፌስታል ተቋጥሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ትራስ ሥር የተቀመጠ እንክብል ለሕፃን ልጅ ከረሜላ ይመስለዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

አንደኛ፣ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው በሚቆለፍ ሳጥን ያስቀምጡ፤ የቀረውንም አልፎ አልፎ ይቁጠሩ።

ሁለተኛ፣ ለእርስዎ የታዘዘውን ለጎረቤት ወይም ለዘመድ አያካፍሉ። ትራማዶልን ድካም ለማስወገድ መውሰድ አደገኛ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል።

ሦስተኛ፣ ዲያዜፓምን ወይም ሞርፊንን ከአረቄም ሆነ ከሌላ አልኮል ጋር አይውሰዱ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ትንፋሽ ይዳከማል።

አራተኛ፣ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። ድንገተኛ ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ያመጣል። መድኃኒቱ ሳያልቅ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አምስተኛ፣ ለከብት የተገዛ መድኃኒት ለሰው አይሰጥም። እንስሳትን ለማረጋጋት የሚውለው ዛይላዚን ለምሳሌ የሰውን የልብ ምትና ትንፋሽ እጅግ ያዘገያል።

አንድ ሰው ከወሰደ በኋላ ቢቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ እንደሆነ በጎኑ ያስተኙት። ወተትም ሆነ ውኃ አያጠጡት፤ ለማስመለስም አይሞክሩ። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው በፍጥነት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ያድርሱት።

በሌላ በኩል ቁጥጥሩ ሕመምተኛን ያለማስታገሻ የሚያስቀር መሆን የለበትም። በካንሰር የሚሠቃዩ ታማሚዎች «ሱስ ይሆንብኛል» በሚል ፍርሃት ሞርፊንን ሲሸሹ፣ ቤተሰብም ሲከለክላቸው ይታያል። በሐኪም ክትትል፣ በታዘዘው መጠንና ሰዓት ሲወሰድ ግን ሥቃይን አስታግሶ እንቅልፍ ይሰጣል። ቁልፉና መዝገቡ የሚያስፈልጉትም መድኃኒቱ ለሚገባው ሰው እንዲደርስ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ለስንት ቀን እንደሚወስዱት፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድና የተረፈውን የት እንደሚመልሱ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ታማሚው ካረፈም የቀረውን መድኃኒት ቤት ውስጥ አያቆዩ፤ ወደተሰጠበት ጤና ተቋም ይመልሱ።