የአያት ጠመንጃ በማን እጅ መጣ?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር የአያት ንብረት ሲቆጠር ጠመንጃ ሳይጠራ አይቀርም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልጅ ብረቱን ይወርሳል እንጂ የብረቱን ታሪክ አይወርስም። ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ልናሳስብ የወደድነው ይህንኑ ነው፤ የጥንት መሣሪያ ዋጋ በብረቱ ብቻ ሳይሆን በመጣበት እጅ ጭምር ይመዘናልና።

በባሕር ማዶ ያሉ የጥንት ሽጉጥ ሰብሳቢዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የአሜሪካው የኮልት ፋብሪካ የቀድሞ መዝገቡን አይቶ፣ አንድ ሽጉጥ በምን ቀን ለየትኛው ነጋዴ እንደ ተላከ የሚመሰክር ደብዳቤ ይሰጣል። ሁለት ሽጉጦች በአንድ ዓመት የተሠሩ መንትያ ቢሆኑ እንኳ፣ አንደኛው ብዙ ለሚያከፋፍል ታላቅ ነጋዴ፣ ሁለተኛው ጥቂት ብቻ ለወሰደ ለሩቅ አገር ባለ ሱቅ የተላከ እንደ ሆነ፣ የኋለኛው ይበልጥ ይፈለጋል። በአንጻሩ በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የአሜሪካ ሕግ አስመጪው ስሙን በመሣሪያው ላይ እንዲቀርጽ ስለሚያዝዝ፣ ብዙ ሰብሳቢዎች ይህ አዲስ ጽሕፈት ያለበትን ከሌለበት ያሳንሱታል።

በእኛም አገር ብረቱ ራሱ ጥቂት ይናገራል። ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚል ግራ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው ነው፤ በላዩም እንደ ሴንት ኤትየን ያለ የፋብሪካ ስም ይነበባል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ነጋዴዎች በታጁራና በጅቡቲ በኩል ያስገቡት ነበር፤ ባለቅኔው አርቱር ራምቦም በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ደርሷል። ከ1928 ዓ.ም. ጦርነት በፊት መንግሥት ካስመጣው ከቤልጅግ ጠመንጃ መካከል የይሁዳ አንበሳ የታተመበት አለ። የጣሊያኑ ካርካኖ ደግሞ እንደ ተርኒ ያለ የፋብሪካ ስምና የተሠራበት ዓመት ይገኝበታል።

ይሁን እንጂ ብረት የማይናገረው ነገር አለ። የጣሊያን ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ የጎጃም አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ ከጠላት ሲማርኩ ቆይተው ነበር። አያት በጦር ሜዳ የማረከው ካርካኖና ከዓመታት በኋላ ከገበያ የተገዛው ካርካኖ ጽሕፈታቸው አንድ ዐይነት ነው፤ የሚለያቸው የአያት ቃል ብቻ ነው። የኮልት ምስክር መዝገብ ነው፤ የእኛ ምስክር ግን ሽማግሌው ነው፤ እርሱም ያልፋል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ዝገት እናስለቅቃለን በማለት ቁጥሩንና ማኅተሙን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁ፤ አዲስ ስምም አትቅረጹበት። ከማን፣ መቼ፣ በየት ስፍራ እንደ ተገኘ ከነምስክሮቹ ስም በወረቀት ጻፉ፤ የድሮውን የፈቃድ ወረቀት ከርሱ ጋር አኑሩ። ጥይቱን አውጥታችሁ ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ቆልፉበት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ይልቁንም ፊደል የቆጠረው ልጅ ደብተሩን ይዞ ከአያቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ «አባባ፣ ይህ ከማን እጅ መጣ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጻፍ። ብረቱ አንድ ቀን ቢሸጥ ወይም ቢጠፋ እንኳ፣ የተጻፈው ቃል ለቤተ ሰቡ ይቀርለታል።