ታሽጎ የሚሸጥ ሰላጣና የአንጀት ተውሳክ በሆላንድ

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴን ሃግ የምትኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ጃርዲያንና አሜባን አገር ቤት ትተናቸው እንደመጣን በሽታዎች ትቆጥሯቸዋላችሁ። ያደገ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለ አትክልት ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል እምነትም አለ። ይህ እምነት ግን ሊያሳምመን ይችላል።

እንዲያውም ጃርዲያ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ሆላንድ ነው። በ1681 እ.ኤ.አ. በሮተርዳምና በዴን ሃግ መካከል በምትገኘው ዴልፍት ከተማ፣ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለ ሰው ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር የገዛ ሰገራውን ሲመረምር አየው።

ዛሬ የሆላንድ የቧንቧ ውሃ ያለ ስጋት ይጠጣል። አትክልቱና ፍራፍሬው ግን ከፊሉ በተለይ በብርድ ወራት ከሌላ አገር ይመጣል። የመስኖው ውሃ በሰው ወይም በከብት ዓይነ ምድር ከተበከለ፣ ወይም የለቃሚው እጅ ካልጸዳ፣ በዓይን የማይታየው ተውሳክ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ስለሚበላ ተውሳኩን የሚገድል እሳት አያገኘውም።

ይህ የደረሰ ነገር ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ከጓቲማላ የሄደ እንጆሪ በአሜሪካና በካናዳ 1,465 ሰዎችን ሳይክሎስፖራ በተባለ ተውሳክ አሳመመ። በግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች በክሪፕቶስፖሪዲየም ታመሙ፤ ጥርጣሬው ያረፈው ተከትፎ በታሸገ ሰላጣ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት በበጋው ማብቂያ የዚሁ ተውሳክ ሕመምተኞች ቁጥር በሆላንድ፣ በብሪታንያና በጀርመን በአንድ ጊዜ ጨመረ፤ የጋራ ምንጩ ግን አልታወቀም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ እናቶች ሰላጣን በአቼቶ ወይም በበረኪና ይዘፈዝፋሉ። አቼቶ እነዚህን ተውሳኮች አይገድልም፤ ክሪፕቶስፖሪዲየምና ሳይክሎስፖራም ክሎሪንን ይቋቋማሉ። በረኪና ምግብ ላይ መጨመርም በራሱ አደጋ አለው። የሚሻለው ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያይቶ በሚፈስ ውሃ ማጠብ ነው። መታጠብ ተውሳኩን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ የሚያስተማምነው ማብሰል ነው። ጎመንና ቆስጣ ቀቅለን መብላታችን ጠቃሚ ልማድ ነው።

እርጉዝ እህቶቻችን ይህን ልብ በሉ። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ከድመት ዓይነ ምድር ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ አትክልት ይተላለፋል፤ በጥሬ ሥጋና በለብ ለብ ክትፎም ይገኛል። በእርግዝና ወቅት መጀመሪያ ከያዘ ጽንስ ሊያስወርድ፣ የልጁን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በሆላንድ ለነፍሰ ጡር የሚደረገው የተለመደ የደም ምርመራ ኤችአይቪን፣ ቂጥኝንና ሄፓታይተስ ቢን ይመለከታል፤ ቶክሶፕላዝማን አይጨምርም። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ እስክትወልዱ ይቆይ፤ ያልታጠበ አትክልት አትብሉ፤ ስጋት ካላችሁ አዋላጃችሁን ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ ተቅማጥ ከሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ሻል ብሎ ከተመለሰ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ምን እንደበላችሁና በቅርቡ ወዴት እንደተጓዛችሁ ንገሩት። ሳይክሎስፖራ ለይቶ ካልተፈለገ በተለመደው የሰገራ ምርመራ ሊታለፍ ይችላል። ከአገር ቤት በተላከ መድኃኒት ራስን ማከም ግን በሽታውን ሊደብቅ ይችላል።