«እግሩን እያየህ ተከተለው»

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ማለዳ ሩጫ የጀመረ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ጎበዝ ሯጭ ፈልግና እግሩን እያየህ ተከተለው፤ አሯሯጥህ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል።» ይኸው መካሪ ቅልጥሙን አሞት የሚያነክሰውን ልጅ ሲያይ «ይለመዳል» ብሎ ያልፋል። አይለመድም። ይብሳል እንጂ።

ምክሩ ከመሬት የተነሳ ነው አልልም። እንጦጦ ጫካ ውስጥ አትሌቶች መሪያቸውን ተከትለው በአንድ መስመር ሲሮጡ ያየ ሰው እግራቸው እኩል ሲነሳና ሲያርፍ ያስተውላል። አብረው የሚሮጡ ሰዎች ሳያስቡት እርምጃቸው ይገጥማል። ከኋላ ያለው ፔስ የመቁጠር ሐሳብ ይቀርለታል፣ ነፋሱም ይቀልለታል። ግን እነዚያ ሰዎች አቅማቸው ተቀራራቢ ነው፤ ፔሱንም አሰልጣኝ አስቀድሞ ወስኖታል።

ጀማሪው ቁመተ ረጅምና ፈጣን ሰው ሲከተል ግን ሌላ ነገር ይመጣል። እርምጃውን ለማስፋት እግሩን ወደፊት ይወረውራል፤ ጉልበቱ ሳይታጠፍ፣ እግሩ ከዳሌው ርቆ ያርፋል። በየእርምጃው ፍሬን እንደመያዝ ነው። ጫናውን ጉልበትና ቅልጥም ይቀበሉታል። የጎበዙ እርምጃ የሰፋው ግን መሬቱን ወደኋላ በደንብ ስለሚገፋ ነው፤ ይህ የመግፋት ኃይል ደግሞ በዓይን አይቀዳም። ድካሙም አለ። ሰው ከአቅሙ በላይ ሲሮጥ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ጣቱ ይጨበጣል፣ ወገቡ ይጎብጣል። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት የሮጠ ሰው የተለማመደው ይህንኑ የተበላሸ አሯሯጥ ነው።

አብሮ መሮጥ ብቻውን አሯሯጥ የሚያቃና ቢሆን ኖሮ የኃይሌ ገብረሥላሴ ግራ እጅ ገና ድሮ በተቃና ነበር። ልጅ ሳለ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ከመሮጥ የመጣ ነው የሚባለው ያ እጁን አጥፎ የመያዝ ልማድ፣ ከዘመኑ ምርጦች ጋር ዓመታት ሠርቶም አልለቀቀውም። በዚያው እጅ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡03፡59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

ጓደኛ ለአሯሯጥ የሚጠቅመው ዓይን ስላለው ነው። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት የምትችሉበትን ሰው ምረጡ። እሱ ከኋላ ይሁን፤ «ትከሻህን ጣል» ይበላችሁ። በሞባይል ከጎን ይቅረጻችሁና እግራችሁ የት እንደሚያርፍ እዩት። ከዳሌያችሁ እየራቀ ከሆነ ፍጥነቱን ሳትቀይሩ እርምጃውን ጥቂት አሳጥራችሁ ቶሎ ቶሎ ተራመዱ፤ በደቂቃ የእርምጃው ቁጥር ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢጨምር የጉልበት ጫና ይቀንሳል።

«በደቂቃ 180 እርምጃ» የሚሉም አሉ፣ ቲክቶክ ሞልቶላቸዋል። ቁጥሩ የመጣው አሜሪካዊው አሰልጣኝ ጃክ ዳንኤልስ በ1984 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ሯጮችን ከቆጠረ በኋላ ነው። ለሜዳሊያ የሚሮጥ ሰው እርምጃ ለማለዳ ሶምሶማ መለኪያ አይሆንም። በተረከዝ ማረፍ ኃጢአት ነው የሚለው ደግሞ ባለሙያዎቹም ያልተስማሙበት ነው፤ ሳያማችሁ ለመቀየር አትቸኩሉ።

በባዶ እግር መሮጥ ይሻላል ብለው አበበ ቢቂላን ለሚጠሩ፦ አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2፡15፡16 አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2፡12፡11።