ጥፋተኛው ራም ነው? ከጄኔቫና ከዙሪክ የተገኙ ማስረጃዎች

በጄኔቫ ጫፍ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሴርን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የራሱን ኮምፒዩተሮች ፈተነ። ፈተናው ቀላል ነበር። ከ3 ሺህ በላይ በሆኑ ማሽኖች ላይ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም በየሁለት ሰዓቱ ይዘቱ አስቀድሞ የታወቀ 2 ጊጋባይት ፋይል ይጽፋል፤ መልሶ ያነባል፤ ያነበበውን ከጻፈው ጋር ያመሳክራል። ከአምስት ሳምንት በኋላ በ100 ማሽኖች ላይ 500 ያህል ስህተቶች ተለቀሙ። ይህ ፍተሻ ባይኖር ኖሮ ስህተቶቹ ማንም ሳያያቸው ያልፉ ነበር።

የስህተቶቹን ምንጭ ፍለጋ ሲገባ ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ ለየብቻ ሲታዩ ደህና ከሚመስሉ ሁለት ዕቃዎች የመጡ ሆነው ተገኙ። የሃርድ ዲስኮቹ ፈርምዌር (ዕቃውን ከውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም) ዲስኮቹን ከሚቆጣጠረው ካርድ ፈርምዌር ጋር አይግባባም ነበር። ዲስኮቹን መጣል አላስፈለገም፤ የ3 ሺህ ዲስኮች ፈርምዌር ታደሰ።

የጌም ኮምፒዩተሩን አፕግሬድ ያደረገ ወጣትም ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይኸው ነው። 16 ጊጋባይት የነበረውን ሜሞሪ (ራም) 32 ያደርጋል፤ ወይም ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር ይቀይራል። ኮምፒዩተሩ ይነሳል፤ ዊንዶውስ አዲሱን ዕቃ ያውቀዋል፤ ጌሙም ይከፈታል። ከዚያ ጨዋታው ሲሞቅ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወይም ጌሙ ያለ ምንም ማሳሰቢያ ይዘጋል፣ አለዚያም «ሜሞሪ አልበቃም» የሚል መልእክት ይመጣል። አዲስ የተገዛው ዕቃ ተበላሽቶ የመጣ ይመስላል። አንዳንዴ እውነትም ተበላሽቶ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ አዲሱ ከነባሩ ጋር አለመስማማቱ ነው።

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ጥገና ቤት ሲደርስ በቅድሚያ የሚታሰቡት ሁለት መፍትሔዎች ናቸው፤ የራሙን ጥርስ በላጲስ ማሸት እና ፎርማት ማድረግ። ላጲሱ የሚረዳበት ጊዜ አለ። የቆሸሸ የብረት ጫፍ ይጸዳል፤ ከሁሉ በላይ ግን ራሙ ወጥቶ እንደገና በደንብ መግባቱ ነው ለውጥ የሚያመጣው። ፎርማቱ ግን ራሙ ሳይፈተሽ ከተደረገ ነገሩን ሊያባብስ ይችላል። ወደ ዲስክ የሚሄደው የዊንዶውስ ፋይል ሁሉ በሜሞሪ በኩል ያልፋልና፣ ሜሞሪው የሚሳሳት ከሆነ አዲሱ ዊንዶውስ ገና ሲጫን ተበላሽቶ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ራሙ ቢቀየር እንኳ ኮምፒዩተሩ መዘጋቱን አያቆምም፤ ባለቤቱም አዲሱን ራም በከንቱ ይጠረጥራል።

ሜሞሪ ለምን ይሳሳታል? ዛሬ በኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው ራም የተመሠረተበትን ሐሳብ ያፈለቀው የአይቢኤሙ መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ነው፤ የፈጠራ መብቱም እ.ኤ.አ. በ1968 ተሰጥቶታል። እያንዳንዷ የመረጃ ቅንጣት፣ ቢት፣ የምትቀመጠው በአንዲት እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ማጠራቀሚያዋ እንደሚያንጠባጥብ እንስራ ናት፤ ካልተሞላች ትጎድላለች። ስለዚህ በዲዲአር4 ሜሞሪ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ በየ64 ሚሊሰከንዱ፣ በዲዲአር5 ላይ ደግሞ በየ32 ሚሊሰከንዱ እንደገና ይሞላል። ሙቀት ሲጨምር ፍሳሹ ይፈጥናል። ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሳ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ የሳጥኑን ውስጥ ካጋለ በኋላ ችግር የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ነው። ገዢው 6000 የሚል ዲዲአር5 ሲገዛ ያ ቁጥር የራሙ መደበኛ ፍጥነት ይመስለዋል። ዲዲአር5 ገበያ ላይ ሲወጣ መደበኛው ፍጥነት 4800፣ ቮልቴጁም 1.1 ነበር። እንደ 6000 ያለው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ኢንቴል ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ ደግሞ ኤክስፖ የሚሉት ቅንብር ሲከፈት ነው፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱም ቮልቴጁም ከመደበኛው በላይ ይወጣል። በዲዲአር4 ላይም ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። የራሙ አምራች ራሙ በዚያ ፍጥነት እንደሚሠራ ዋስትና ይሰጣል፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ግን የሌላ ኩባንያ ሥራ ነው፤ እሱ ያንን ፍጥነት ይችለዋል ብሎ ቃል የገባ የለም።

የራሞቹ ቁጥር ሲጨምር ልዩነቱ ይሰፋል። የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በሁለት ራም እስከ 5200 ድረስ በይፋ ይደግፋሉ። አራቱም ቦታ ሲሞላ ይፋዊው ቁጥር 3600 ነው። ሁለት 6000 ራም የነበረው ሰው ተመሳሳይ ሁለት ገዝቶ ሲጨምር አራቱም በ6000 እንዲሠሩለት ይጠብቃል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከይፋዊ አቅሙ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ እንዲሮጥ እየተጠየቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሜሞሪ ዋጋ መናሩ ደግሞ ብዙዎችን አሮጌውን ከአዲስ እንዲያዳብሉ አድርጓል። ሁለቱ ጥቅሎች ከአንድ ብራንድ ቢሆኑም ውስጣቸው ያለው ቺፕ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የስህተት መልእክት የሚጠራው ስምም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ የገዙ ተጫዋቾች በአንሪል ኢንጂን የተሠሩ ጌሞችን ሲከፍቱ «የግራፊክስ ሜሞሪ አለቀ» የሚል መልእክት ይገጥማቸው ነበር። ካርዱን የቀየረ፣ ራሙን የቀየረ ብዙ ነው። ጥፋቱ የተገኘው ኢንቴል በሠራቸው የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ላይ ነው። ኩባንያው በ2024 እንዳስታወቀው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ ሰርኪዩት ከፍ ባለ ቮልቴጅና ሙቀት ሳቢያ ቀስ በቀስ ይጎዳል። በዚያው ዓመት ነሐሴና መስከረም ላይ የማይክሮኮድ ማስተካከያ በባዮስ በኩል ወጣ፤ ዋስትናውም በሁለት ዓመት ተራዘመ። ማስተካከያው ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። የዊንዶውስን ፔጅ ፋይል (ዊንዶውስ ለሜሞሪ ማገዣ ዲስክ ላይ የሚይዘውን ቦታ) ያጠፋ ሰውም 32 ጊጋባይት እያለው «ሜሞሪ አልበቃም» የሚል መልእክት ሊመጣበት ይችላል፤ እዚያ ላይ የተበላሸ ዕቃ የለም።

ታዲያ ምርመራው ከየት ይጀምራል? ሴርን የተጠቀመበት ዘዴ፣ የታወቀ ነገር ጽፎ መልሶ ማንበብ፣ ለማንኛውም ሰው በነፃ ይገኛል። ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለው ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ፣ ራሙን በተለያዩ የቢት ቅርጾች እየሞላ ይፈትሻል። አንድ ዙር አይበቃም፤ ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። ከእሱ በፊት ግን ባዮሱ ይታደስና ወደ መደበኛው ቅንብር ይመለሳል፤ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ ይጠፋል። በመደበኛ ፍጥነት ስህተት ከሌለ፣ ቅንብሩ ሲከፈት ደግሞ ስህተት ከመጣ፣ ራሙን ከመመለስ በፊት ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ይሞከራል።

በመደበኛው ፍጥነትም ስህተት ከታየ ራሞቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። አራት ቦታ ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ ሁለት ራም የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ነው። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከቦታ ቦታ ከዞረ ችግሩ የራሙ ነው። ራሙ ተቀይሮም በአንድ ቦታ ላይ ከቀረ ማዘርቦርዱ ወይም የፕሮሰሰሩ አቀማመጥ ይታያል። የትኛውም ራም በየትኛውም ቦታ የሚሳሳት ከሆነ ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ፓወር ሰፕላዩ መዞር ይገባል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአንድ ሙከራ ከአንድ ነገር በላይ አይቀየርም። ዲዲአር5 ራም ከተቀየረ በኋላ ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ሲነሳ ለደቂቃዎች ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ ይችላል። ሜሞሪውን እየለካ ስለሆነ በዚያ መሐል ማጥፋት አይመከርም።

ራሙ ፈተናውን ሁሉ አልፎም ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ያሳዩት ደግሞ የዙሪክ ተመራማሪዎች ናቸው። ዛሬ በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኢቲኤች፣ ፕሮፌሰር የሆነው ኦኑር ሙትሉ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት አንድን የሜሞሪ ረድፍ ደጋግሞ በማንበብ ብቻ ጎረቤት ረድፍ ላይ ያለውን ቢት መገልበጥ እንደሚቻል አሳየ። ከተፈተሹት 129 ራሞች 110ሩ ተሸነፉ። በኢቲኤች በካቬ ራዛቪ የሚመራው ቡድን በ2021 አርባ ዲዲአር4 ራሞችን ፈትኖ በሁሉም ላይ ተሳካለት። በ2025 ከጉግል ጋር ደግሞ 15 የኤስኬ ሃይኒክስ ዲዲአር5 ራሞችን ፈተኑ፤ አንዱም አላመለጠም። ይህ የደኅንነት ጥቃት ነው፤ ተራ ጌም አያደርገውም። ሆኖም ቺፖቹ እየጠበቡ ሲሄዱ ምን ያህል ለስህተት እንደቀረቡ ያሳያል።

ከሰማይ የሚመጣ ስህተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጂየም ስካርቤክ በተደረገ ምርጫ አንዲት ዕጩ ከትክክለኛው ቁጥር በላይ 4096 ድምፅ ተቆጠረላት። ቁጥሩ አንድ ቢት ብቻ ሲገለበጥ የሚመጣው ልክ ነው፤ ሌላ ምክንያት ስላልተገኘም ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ተጠረጠሩ። ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ባለችው አዲስ አበባ እነዚህ ጨረሮች ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ይበዛሉ። ነገር ግን ጨረር በአንድ ራም ላይ በየማታው አይመላለስም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ሚሊዮን ያህል የግል ኮምፒዩተሮችን መረጃ አጥንቶ እንደደረሰበት፣ በዕቃ ብልሽት አንዴ የወደቀ ማሽን እንደገና የመውደቅ ዕድሉ እስከ መቶ እጥፍ ያድጋል። በየቀኑ የሚዘጋ ኮምፒዩተር እንግዲህ የሚያዝ፣ የሚነቀል ምክንያት አለው።

ሴርን ያሉትን ያህል ማሽኖች የሚያስተዳድሩ ተቋማት ስህተትን የሚያርም፣ ኢሲሲ የተባለ ራም ይጠቀማሉ። በዚያው የ2007 ጥናት 1300 ያህል ማሽኖች ለሦስት ወር ታይተው 44 የሜሞሪ ስህተቶች ተመዝግበዋል፤ 41ዱን ኢሲሲው አርሟቸዋል። የጌም ኮምፒዩተሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህ የላቸውም። ዲዲአር5 ውስጥ አለ የሚባለው እርማትም በቺፑ ውስጥ ያለውን እንጂ ከቺፑ ወደ ፕሮሰሰሩ መንገድ ላይ የሚሳሳተውን አይነካም።

ዙሪክ ውስጥ የጌም ዕቃ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው እ.ኤ.አ. በ2001 ሦስት ጌም ወዳድ ወጣቶች ወደመሠረቱት ዲጂቴክ ነው። ሱቁ ከ2023 ጀምሮ በየዕቃው ዓይነት የትኛው ብራንድ ምን ያህል እንደሚበላሽና እንደሚመለስ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። በስዊዘርላንድ ሕግ ለተጠቃሚ በሚሸጥ አዲስ ዕቃ ላይ የሻጩ ተጠያቂነት ጊዜ ከ2013 ጀምሮ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ በርካታ የራም አምራቾችም ከዚያ የረዘመ ዋስትና ይሰጣሉ። ጥንድ ሆኖ የተሸጠ ራም አንዱ ብቻ ቢበላሽም ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይመለሳሉ። የሜምቴስቱን ውጤት በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ፈተናው በመደበኛው ፍጥነት መደረጉንና ራሙ በየትኛው ቦታ እንደነበረ ጽፎ የሄደ ሰው ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀውን መልስ ይዞ ሄዷል። ዕቃውን ለዘመድ ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ከሆነም ፈተናው እዚያው ዙሪክ፣ ከመላኩ በፊት ይደረግ፤ የሁለቱ ዓመት ቆጠራ የሚጀምረው ራሙ ለገዢው ከተሰጠበት ቀን እንጂ አዲስ አበባ ከደረሰበት ቀን አይደለም።